መርዶ፣ ሳፋና ሶቅራጥስ

«ውሸት አትችዪም፣ እውነትም አትችዪም። ታዲያ ምንድን ነው የምትችዪው?» አሉኝ ጋሼ ዘለቀ። ቀኝ እግራቸው ሳፋው ውስጥ ነበር፤ ግራው ጭኔ ላይ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

ሽማግሌና በሽተኛ የመንከባከብ ሥራዬን ከተውኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። በሃያ ስድስት ዓመቴ «ጡረታ ወጣሁ» ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ወገቤ ግን የስድሳ ዓመት ሴት ወገብ ነው። አሁን አውቶቡስ እነዳለሁ። ሰው ይገባል፣ ይወርዳል፣ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ሶ፣ የማሰቢያ ጊዜ አለኝ። ከሥር ጀምሬ ብጽፈው ይገባኛል ብዬ ነው የተነሣሁት።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ግን አልመጣልኝም። እንግሊዝኛዬ ፊልም ለማየት እንጂ ለመጨቃጨቅ አይበቃም፤ ለኔ ደግሞ ሳልጨቃጨቅ መዋል ከባድ ነው። ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆንኩ። አንድ ቀን ከአንድ ደንበኛ ጋር ስከራከር ጥግ ተቀምጠው ሲያዩኝ የነበሩ ሴት ጠሩኝ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። «አፍሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ክንድሽ ግን ለኔ ሥራ ይሆናል» አሉኝ። በማግሥቱ ወደሚሠሩበት ኤጀንሲ ይዘውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያ ምድቤ ሳንታ ሞኒካ ነበር፤ ከአልጋ የማይነሡ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቤት። ሁለት ሳምንት እትዬ ዘነበችን እየተከተልኩ አየሁ። እሳቸው በሩ ክፍት ቢሆንም ያንኳኳሉ። እንደገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት እጃቸውን በሙቅ ውኃ ማሞቅ ነው። ከዚያ የሚያደርጉትን ሁሉ ከማድረጋቸው በፊት ይናገራሉ። «አሁን ትከሻሽን ልይዝ ነው። አሁን ወደ መስኮቱ ላዞርሽ ነው።» እንግሊዝኛው ሲያልቅባቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ፤ ሴትዮዋም በአማርኛ ይዞራሉ። እኔ ሰው ማገላበጥ ጉልበት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የሩቁን ጉልበት ታጥፋለህ፣ አንድ እጅ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌ ላይ፣ ከዚያ የራስህን ክብደት ወደ ኋላ እግርህ ትወስዳለህ። ሰውየው ራሱ ይመጣል። ቆዳው የቀላበት ቦታ ካየህ በጣትህ ጫን አድርገህ ትለቃለህ። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ቀይ ሆኖ ከቀረ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል ማለት ነው፤ ዘግይተሃል።

ማታ ማታ የሚሞላ ቅጽ አለ። የመጀመሪያ ቀን «ዛሬ ከፍቷቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መከፋታቸውን በምን ዐወቅሽ?»

«ያስታውቃላ!»

«ምናቸው?»

«ምሳ አልበሉም። ወደ ግድግዳ ዞረው ዋሉ።»

«እሱን ጻፊ። ያየሽውን። የቀረውን ከየት አመጣሽው?»

በሆዴ ምን ዓይነት ነዝናዛ ሴት ናት አልኩ። ግን ሰረዝኩት።

ሁለተኛው ምድቤ ቶራንስ ነበር፤ የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛ የነበረ፣ ግዙፍ ሰውዬ። እሱን ከአልጋ ወደ ወንበር ለማዛወር ሁለት ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንድ ቀን ተረኛዋ ጓደኛዬ ዘገየች። መጠበቅ አልወድም። በሽተኛ ስናነሣ የምንይዝበትን ሰፊ ቀበቶ ወገቡ ላይ አሰርኩና ብቻዬን አነሣሁት። መሐል ላይ ጉልበቱ ከዳው። የቻልኩት እያቀፍኩ ቀስ ብዬ ወለል ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሰውዬው ምንም አልሆነም፤ እንደውም ሳቀ። የኤጀንሲው ኃላፊ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ፊሊፒናዊት፣ ቁጭ አድርጋ የሆነውን በወረቀት አስጻፈችኝና ሳምንት ሥራ ከለከለችኝ። ከደሞዝ ላይ ሳምንት ሲቀነስ ምን እንደሚመስል መጻፍ አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው ጋሼ ዘለቀ ናቸው። ከፌርፋክስ ወደ ፒኮ ሮበርትሰን በኩል፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አገር ቤት የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ፍልስፍና ያስተምሩ ነበር፤ እዚህ መጥተው ሃያ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት ሲሰጡ ኖሩ። ልባቸው ደክሟል፤ አንዱ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ በደንብ አይከፈትም። ልባቸው ሲደክም ውኃው እግር ላይ ይጠራቀማል። ሶ፣ ጠዋት ጠዋት እመዝናቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ እለቃለሁ። ጎድጓዳው እስኪሞላ እቆጥራለሁ። በጥሩ ቀን አምስት ሳልደርስ ይሞላል።

እግሩን የሚያጥቡለት ሰው ዝም ይላል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እዚያ ሳፋ ፊት ክፍል ከፈቱ።

«ሶቅራጥስን ታውቂዋለሽ?»

«ስሙን። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ሥዕሉ ነበር። ጢማሙ።»

«ጢም ብቻ?»

«አፍንጫው ደፍጣጣ መሰለኝ።»

ሳቁ። «እሱን አልተሳሳትሽም። አስቀያሚ ነበር። በባዶ እግሩ ገበያ ለገበያ እየዞረ ሰው ይጠይቃል። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ፣ እናቱ አዋላጅ። ሥራዬ የእናቴ ሥራ ነው ይል ነበር፤ እኔ አልወልድም፣ ሌላው ሐሳቡን ሲወልድ እይዝለታለሁ።»

«ማን ይከፍለዋል?»

«ማንም።»

«ሚስቱ ምን ትላለች?»

«ትቆጣው ነበር ይባላል።»

«እኔም እቆጣው ነበር።»

በሌላ ቀን ደግሞ ወዳጁ ቤተ ጣዖት ሄዶ ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጠቢብ አለ ወይ ብሎ እንደጠየቀ፣ የለም እንደተባለ ነገሩኝ። ሶቅራጥስ ደስ አላለውም፤ ግራ ገባው። ምንም እንደማያውቅ ያውቃላ። ሶ፣ የሚበልጠውን ፍለጋ ዞረ። ባለሥልጣኖቹን ጠየቀ፣ ገጣሚዎቹን ጠየቀ፣ በመጨረሻ ባለ እጅ ሙያዎቹን።

«አገኘ?» አልኩ።

«ባለ ሙያዎቹ በእውነት የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። ችግሩ፣ እሱን ስላወቁ የቀረውን ሁሉ ያወቁ መሰላቸው።» ወደ እኔ አዩ።

«ምን ያዩኛል?» አልኳቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ከምናምን ሆነን። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ልጃቸው ሊያ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ሊያ እዚህ ያደገች ፋርማሲስት ናት፤ ቶራንስ ነው የምትሠራው። በሩን ዘጋችው። ዓይኗ አብጧል።

«አጎቴ አረፈ። ትናንት።»

አጎቷ ጋሽ ጌታሁን የጋሼ ታናሽ ናቸው፤ ደሴ ነው የሚኖሩት። በየእሑዱ ይደዋወላሉ። የጋሼ ዓይን የስልክ ቁጥር ስለማያይ የምንደውልላቸው ወይ ሊያ ወይ እኔ ነን።

«ባባ እንዳይሰማ» አለች። «ቫልቩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይቀየራል። አሁን ከሰማ አይሄድም። ካልሄደ ዶክተሩ ክረምቱን አይጨርስም ብሎኛል። ገባሽ? ከሆስፒታል ሲወጣ በወጉ ሰው ሰብስበን እናረዳዋለን። እስከዚያ ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላት። ምን ልበል? መርዶ እንዲህ ነው የሚደበቀው፤ እኛ ቤትም እንዲሁ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ «ኔትወርክ የለም» አልኳቸው። አመኑ፤ ኔትወርኩ ብዙ ጊዜ የለም። ሁለተኛው እሑድ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። እንደ ሕፃን። ስልኩን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልኩት አላውቅም። «አገኘኋቸው፤ ወዲያው ተቋረጠ እንጂ። ሰላም ብለውዎታል።»

ፊታቸው በራ። «ድምፁ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሳሉስ?»

«ሳል አልሰማሁም።»

ትንሽ አሰቡና ስልኬ ላይ መልእክት እንድቀዳላቸው፣ መስመሩ ሲመጣ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ጌታሁን፣ እኔ ነኝ። እማዬ ስታርፍ ስድስት ወር ደበቅከኝ። ስድስት ወር ሙሉ ‹ሰላም ብላሃለች› ትለኝ ነበር። እኔም ለሞተች ሴት ጫማ ገዝቼ ላክሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት በየእሑዱ ስናወራ አንድም ቀን አላነሣሁብህም፤ ግን ይዤብህ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት እንድታውቀው ብዬ ነው። በል ደህና ሁን።»

ማቆሚያውን መጫን አቃተኝ። ዝምታቸው ሁሉ ተቀዳ።

ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። ከሥራ ወደ ሥራ እየነዱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መደበቁን ሰው ሁሉ ይደብቃል» አሉ። «ሰላም ብለውዎታል ያልሽው ግን ምንድን ነው? ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«አየሽ።»

«አሁን ልንገራቸው?»

«ብቻሽን? ሰው መርዶ ሲሰማ ይወድቃል፤ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ብቻ ማንሣት ምን እንደሆነ ቶራንስ አይተሻል።»

«ታዲያ መዋሸቴን ልቀጥል?»

«እኔ እንጃ ሳምራዊት። ሃያ ዓመት ሰው አገላብጫለሁ። ይሄን አላውቅም።» የትራፊክ መብራት ተለቀቀ መሰለኝ፣ ዘጉት።

ረቡዕ ደረሰ። ሆስፒታል መግቢያቸው ሰኞ ነው። ሳፋውን አቀረብኩ፣ ግራውን አጥቤ ጠቀለልኩ፣ ቀኙን ከተትኩ። ጋሼ የሶቅራጥስን ፍርድ ጨርሰው እስር ቤት አስገብተውት ነበር። ወጣቶችን ታበላሻለህ፣ የከተማውን አማልክት አታከብርም ብለው ሞት ፈረዱበት። ግን አንዲት የተቀደሰች መርከብ ሄዳ እስክትመለስ ሰው አይገደልም። ሶ፣ መርከቧን እየጠበቀ ታስሯል።

«አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ» አሉ፣ «የልጅነት ወዳጁ መጣ። ዘበኛው ያውቀዋል፤ አስገባው። ሶቅራጥስ ተኝቷል። ወዳጁ አልቀሰቀሰውም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል።»

«ለምን መጣ?»

«መርከቧ እየደረሰች ነው ሊለው። ነገ ትሞታለህ ሊለው።»

እጄ ቆመ።

«ለምን አልቀሰቀሰውም ትያለሽ?»

«ይተኛ ብሎ ነዋ። ደግ ሰው ነው።»

«ሲነቃስ?»

«ሲነቃ... ነገረዋ።»

«ደግነቱ ቀረ ማለት ነው?»

«አልቀረም።»

«ተኝቶ ሳለ ዝም ማለቱም ደግነት፣ ሲነቃ መናገሩም ደግነት።»

«ይመስለኛል።»

«ጥሩ። እኔ አሁን ተኝቻለሁ ወይስ ነቅቻለሁ?»

ውኃው ውስጥ እግራቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ነቅተዋል» አልኳቸው።

«ጌታሁን ነው?»

እዚህ ላይ ‹አይደለም› ማለት ይቻል ነበር። ወይም ‹ሊያ ትምጣ› ማለት። ልደውል፣ ጎረቤት ልጥራ፣ ቢያንስ እግራቸውን ላድርቅ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን እንደ ጅል፣ በሳሙና እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም በሌለበት «አዎ፣ አሥራ ስድስት ቀን ሆናቸው» አልኩ።

አልጮሁም። ትንፋሻቸው አጠረ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። በአንድ እጄ ጀርባቸውን ደገፍኩ፣ በሌላው ኦክሲጅኑን ጎተትኩ። ሌላ ሰው ቢኖር አንዱ ይደግፍ ነበር፣ አንዱ ይደውል ነበር። እኔ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ። እንደዚያ ሆነን ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ውኃው ቀዝቅዞ ነበር።

«ሰላም ብሎሃል ያልሽኝስ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ያን ጊዜ ነው ውሸትም እውነትም አትችዪም ያሉኝ።

ከዚያ ቀጠሉ። «ሊያ መንገርሽን እንዳታውቅ። እዚህ ያለውን የደሴ ሰው ማሰባሰቧ አይቀርም፤ እሷም በወጉ ታልቅስበት። ሰኞ ግን አልሄድም። ሶቅራጥስም ወዳጆቹ ዘበኛውን በገንዘብ ይዘውለት፣ በሩን ከፍተውለት አልወጣም። ሰባ ዓመቱ ነበር። እኔ አልፌዋለሁ።»

በቃ፣ ገደልኳቸው አልኩ በልቤ። ሊያ ያለችው ደረሰ። በአንድ ትንፋሽ።

«ልጅ ነበረው?» አልኳቸው። ድምፄ ጮክ አለብኝ።

«ማን?»

«ሶቅራጥስዎ!»

«ሦስት። አንዱ ገና በእቅፍ።»

«ታዲያ አጥፍቷል! ልጅ ጥሎ፣ በሩ ተከፍቶለት! እኔ ይሄን ሰውዬ አልወደውም።»

«ሕጉን መጣስ...»

«እርስዎን የሚከለክል ሕግ የለ። ሰኞ ካልሄዱ ክረምቱን አይጨርሱም፤ ያኔ ሊያ መርዶ ይዛ መምጣቷ ይቀራል። እሷ ራሷ ናት የምትረዳው። እሷን ማን ያረዳታል? እኔ? በሳፋ?»

የመጀመሪያ ጊዜ ነው መልስ ያጡት። እኔ ደስ አላለኝም። እግራቸውን አውጥቼ አደረቅኩ። ጣቴን ጫን አድርጌ ለቀቅኩ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

«ሶቅራጥስ መርዙን ጠጥቶ ሲጋደም» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ፣ «መርዙን የሰጠው ሰውዬ እግሩን ጫን አድርጎ፣ ይሰማሃል ወይ አለው።»

«ምን አለ?»

«አይሰማኝም አለ።»

«እርስዎስ?»

«ያማል፤ ቀስ በይ።»

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ አንድም ነገር አላወራንም። ቅጹ ላይ የጻፍኩት ክብደት፣ የሽንት መጠንና «ግማሽ ቁርስ በሉ» ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ሊያ መኪናዋን በሩ ላይ ፓርክ አድርጋለች። እሳቸው ኮት ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «ቀበቶሽን አምጪ፣ ደረጃው ላይ ትይዢኛለሽ» አሉኝ። በአንድ በኩል ሊያ፣ በአንድ በኩል እኔ ሆነን አወረድናቸው። ለኔ ጥያቄ ብለው ይሁን፣ ለልጃቸው ብለው ይሁን፣ ፈርተው ይሁን አላውቅም። አልጠየቅኩም።

ቫልቩ ተቀየረ። በስድስተኛው ቀን ቤት ገቡ። ሊያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይዤ እንድመጣ ቴክስት አደረገችልኝ።

ስደርስ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ፣ በሹክሹክታ የሚነጋገሩ። እትዬ ዘነበችም መጥተዋል። በሩ ተከፈተ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባ። ጋሼ አልጋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሊያ ጎናቸው ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች።

«ባባ። ባባዬ። ጋሽ ጌታሁን...»

ዓይናቸውን ገለጡ። ሰዉን አዩ። ከዚያ ጮሁ። «ጌታሁን! ወንድሜ!» ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ፤ ሁለት ሰው ያዛቸው። ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሉ። ሊያ አንገታቸው ሥር ገብታ ስትንሰቀሰቅ እሳቸው ራሷን ይደባብሳሉ። እንባቸው ጆሮአቸው ውስጥ ይገባ ነበር። የግፊት መለኪያውን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ አየኋቸው። ለሊያ ብለው ነው ወይስ የእውነት ነው? ፊታቸውን አጠናሁ። እንባ አየሁ። ሌላ ያየሁት የለም።

ነገሩ ጋብ ሲል ግፊታቸውን ለካሁ። ደህና ነበር። ሊያ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባችና አቀፈችኝ።

«አንቺ ባትኖሪ አንችለውም ነበር» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን ያመልጠው ነበር። አየሽ አይደል እንዴት እንደቻለው? በወጉ ስለሆነ እኮ ነው። ሙሉ ቀን እንድትሠሪ ለኤጀንሲው እነግራቸዋለሁ፣ ኦኬ?»

በክፍቱ በር ጋሼ ይታዩኛል። ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቁልኝ። አትናገሪ ማለታቸው ነው።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ከሆስፒታሉ በፊት። ረቡዕ ቀን፣ እግራቸውን ሳጥባቸው። ያውቁ ነበር።»

ሊያ ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ወደ እኔ ስትመለስ ፊቷ ላይ ገና እንባው አልደረቀም።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለች።

ከቁልፍ መያዣዬ ላይ እስካወጣው ጊዜ ወሰደብኝ፤ ጥፍሬ ተሰበረ። ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ስልኬ ላይ ያለውን የእሑዱን መልእክት ለሷ ላኩት። ስልኳ ጮኸ፤ አላየችውም። ቦርሳዬን አንሥቼ በለቀስተኞቹ መሐል አለፍኩ። በሩ ጋ የማላውቃቸው አንዲት ሴትዮ ፊቴን አይተው ክንዴን ያዙኝ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ። ምናቸው ነሽ?»

«ሠራተኛ ነኝ» አልኳቸውና ደረጃውን ወረድኩ።